የኤንኤፍኤል ጭማሪ ሰዓት፦ የቱ ሕግ ይሻላል?

የአሜሪካ ፉትቦል 60 ደቂቃው አልቆ ውጤቱ እኩል ከሆነ ቀጥሎ ምን ይደረግ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ዋናው የሙያ ሊግ) ክለቦች ባለቤቶች ግን በዚህ ነገር ሲከራከሩ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፋቸው። በ2010፣ በ2012፣ በ2017፣ በ2022 እና በ2025 ሕጉን ቀይረዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በየመሀሉ ቀርበው የወደቁ ሐሳቦችም አሉ። ከወደቁት አንዱ፣ በእኔ እምነት፣ እስካሁን ከጸደቁት ሁሉ ይሻላል።

ክርክሩ የባለቤቶቹ ብቻ አይደለም። ዳላስ፣ ዴንቨር፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ሐበሻ የከተማውን ቡድን መደገፍ ከጀመረ ቆይቷል። ጨዋታው አቻ ሲያልቅ «አሁን ሕጉ ምን ይላል?» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ በመደበኛው ውድድርና በጥሎ ማለፉ ይለያያል። አምና የሠራው ሕግም ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ አማራጮቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸውና የቱ ምን እንደሚሰጥ፣ የቱ ምን እንደሚያሳጣ እንይ።

መጀመሪያ መለኪያውን እንያዝ

ለጀማሪ ባጭሩ ልናገር። ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ ለመሄድ አራት ሙከራ አለው። ከተሳካለት ሌላ አራት ያገኛል። ኳሱን ይዞ መጨረሻው መስመር ውስጥ ከገባ ተችዳውን ይባላል፤ 6 ነጥብ ነው። ከዚያ በእግር መትቶ 1 ነጥብ፣ ወይም አንድ ሙከራ ተጫውቶ 2 ነጥብ መጨመር ይችላል። መግባት ካቃተው ደግሞ ከርቀት መትቶ በቋሚዎቹ መሀል ያሳልፋል፤ ይህ ፊልድ ጎል ነው፤ 3 ነጥብ።

ከእኛ እግር ኳስ ዋናው ልዩነቱ ተራው ነው። በእግር ኳስ ኳሱ በየሰከንዱ ይነጠቃል። እዚህ አንዱ ሲያጠቃ የሌላው ቡድን አጥቂዎች መስመር ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪው የማጥቃት መሪ፣ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ተራው ካልደረሰው ማየት ብቻ ነው። ጭማሪ ሰዓት ሲመጣ ማን ቀድሞ ይያዝ የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ሳንቲም ነው። ዳኛው ይወረውራል፤ እንግዳው ቡድን ዘውድ ወይስ ጎፈር እንደሚባለው ይመርጣል፤ ያሸነፈ ይወስናል።

ስለዚህ ማንኛውንም ሕግ ስመዝን መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ሳንቲሙ ለአሸናፊው በነጻ የሚሰጠው ምንድን ነው? ለ60 ደቂቃ እኩል የታገሉ ሁለት ቡድኖች መሀል ሳንቲም የሚሰጠው ስጦታ በበዛ ቁጥር ሕጉ መጥፎ ነው። ከዚህ በኋላ ሌሎቹ ይመጣሉ። ጨዋታው ያው ፉትቦል ሆኖ ይቀጥላል ወይ? ተጫዋቹን ምን ያህል ያደክማል? በአቻ ሊያልቅ ይችላል ወይ?

ድሮ፦ ቀድሞ ያስቆጠረ አሸነፈ

በእግር ኳስ ወርቃማ ጎል እንደምንለው ነው። ዲሴምበር 28 ቀን 1958 ኒው ዮርክ፣ ያንኪ ስታዲየም፣ የዋንጫ ጨዋታ። ባልቲሞር ኮልትስና ኒው ዮርክ ጃይንትስ 17 ለ17 ጨረሱ። እጣው ለጃይንትስ ወጣ፤ ኳሱን ወሰዱ። ግን የትም አልደረሱበትም፤ በፐንት፣ ማለትም ኳሱን በእግር ወደ ሩቅ መትተው፣ ለባላጋራ መለሱት። ከዚያ የኮልትሱ ጆኒ ዩናይተስ ቡድኑን 80 ያርድ አሻገረ፤ አለን አሚቺ ከ1 ያርድ ገባ። 23 ለ17። እጣ ያሸነፈው ቡድን ተሸነፈ፤ ሕጉም ለማንም የማያደላ መሰለ።

በ1974 ይህ አሠራር ለመደበኛው ውድድር 15 ደቂቃ ተብሎ ጸደቀ። ለረጅም ጊዜ የከረረ ቅሬታ አልነበረውም። ከርቀት በእግር መትቶ ማስቆጠር ያኔ ከባድ ነበርና ኳስ መያዝ ብቻውን ማሸነፍ አልነበረም። እየቆየ ግን መቺዎቹ ሰለጠኑ። በ1994 ደግሞ የመክፈቻው ምት፣ ማለትም ኪክኦፍ፣ ከ35 ያርድ ወደ 30 ያርድ ወደ ኋላ ተሳበ። ተቀባዩ የተሻለ ቦታ ላይ መጀመር ቻለ። ሁለቱ ሲደመሩ እጣ የወጣለት ቡድን ትንሽ ሄዶ፣ አንዴ መትቶ ማሸነፍ ቻለ።

የሚኒሶታ ሰው ጃንዋሪ 2010ን አይረሳም። ለሱፐር ቦውል፣ ለሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ፣ ለማለፍ ቫይኪንግስ ከኒው ኦርሊንስ ሴንትስ ጋር 28 ለ28 ጨረሱ። እጣው ለሴንትስ ወጣ። ጋሬት ሃርትሊ ከ40 ያርድ መታ፤ አለቀ። የቫይኪንግሱ ብሬት ፋቭር በጭማሪው ሰዓት ኳስ አልነካም። ከሁለት ወር በኋላ ባለቤቶቹ 28 ለ4 በሆነ ድምፅ ለጥሎ ማለፉ ሕጉን ቀየሩ።

ይህን አማራጭ አሁንም የሚወድ አለ። ቶሎ ያልቃል፤ ልብ ያንጠለጥላል። እኔ ግን አልቀበለውም። እግር ኳስ እንኳ ወርቃማ ጎልን በ2004 ተሰናብቶታል፤ እዚያ ደግሞ ቢያንስ ሁለቱም ኳሱን ለመንጠቅ ሜዳ ላይ ናቸው።

የ2010ሩ ማሻሻያ፦ ተችዳውን ካልሆነ ሌላውም ይሞክር

ቀድሞ የያዘው ቡድን ፊልድ ጎል ብቻ ካስቆጠረ ሌላው ተራ ያገኛል። ተችዳውን ካስቆጠረ ግን ጨዋታው እዚያው ያበቃል። በ2012 ለመደበኛው ውድድርም ሆነ።

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። በአንድ ምት ማሸነፍ ይቅር፤ ማሸነፍ የፈለገ ሜዳውን በሙሉ ያቋርጥ ነው ነገሩ። ግን ወዲያው የሚሆነውን አሳየ። ጃንዋሪ 8 ቀን 2012 በአዲሱ ሕግ የመጀመሪያው የጥሎ ማለፍ ጭማሪ ሰዓት ዴንቨር ላይ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሙከራ ላይ የዴንቨሩ ቲም ቲቦ ለዴሜሪየስ ቶማስ ወረወረለት፤ ቶማስ ሮጦ 80 ያርድ ሆነ። 11 ሰከንድ። ፒትስበርግ ስቲለርስ ወደ ቤት።

ከዚያ የባሰው መጣ። ፌብሩዋሪ 2017፣ 51ኛው ሱፐር ቦውል። አትላንታ ፋልከንስ 28 ለ3 ሲመሩ ቆይተው ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ አቻ አደረጓቸው። በሱፐር ቦውል ታሪክ የመጀመሪያው ጭማሪ ሰዓት ሆነ። እጣው ለፓትሪየትስ። ቶም ብሬዲ ቡድኑን አሻገረ፤ ጄምስ ዋይት ከ2 ያርድ ገባ። 34 ለ28። ማት ራያን የዚያ ዓመት ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ነበር፤ ተራ አልደረሰውም። ጃንዋሪ 2019 ላይ ፓትሪየትስ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስን 37 ለ31 ያሸነፉትም ልክ እንደዚሁ ነው። ፓትሪክ ማሆምስም የዓመቱ ኮከብ ነበር፤ እሱም ቆሞ አየ። ቺፍስ በዚያው ዓመት ሕጉ ይቀየር ብለው አቀረቡ፤ አልተሳካላቸውም።

ሕጉን የቀበረው ጃንዋሪ 23 ቀን 2022 ነው። ቺፍስ ከቡፋሎ ቢልስ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ብቻ ሁለቱ ቡድኖች 25 ነጥብ አስቆጠሩ። ጆሽ አለን ለጋብሪኤል ዴቪስ አራተኛውን ተችዳውን ወርውሮ ቡፋሎ ሲመሩ የቀረው 13 ሰከንድ ነበር። ማሆምስ በ13 ሰከንድ ውስጥ ቡድኑን ለምት አደረሰ፤ 36 ለ36። ከዚያ እጣው ለቺፍስ ወጣ። ትራቪስ ኬልሲ 8 ያርድ ላይ ተቀብሎ አስቆጠረ። አለን የዚያን ቀን የሚያቆመው አልነበረም፤ ያቆመው ሳንቲሙ ነው።

ቁጥሩ ደግሞ ይናገራል። ይህ ሕግ በጥሎ ማለፉ በሠራባቸው ዓመታት 12 ጨዋታዎች ጭማሪ ሰዓት ገብተዋል። በ10ሩ እጣ ያሸነፈው ቡድን አሸንፏል። በ7ቱ ሌላው ቡድን አንድም ተራ አላገኘም። 12 ጨዋታ ትንሽ ነው፤ ብዙ ማጋነን አይገባም። ግን ለአንድ ከተማ ደጋፊ አንዱ ጨዋታ የዓመቱ ሁሉ ድካም ነው።

አሁን ያለው፦ ሁለቱም አንዳንድ ተራ ይያዙ

ማርች 2022 ላይ ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስና ፊላደልፊያ ኢግልስ ያቀረቡት ሐሳብ ለጥሎ ማለፉ ብቻ ተብሎ 29 ለ3 አለፈ። የመጀመሪያው ቡድን ተችዳውን ቢያስቆጥርም ሌላው ተራውን ያገኛል። ኤፕሪል 2025 ላይ ደግሞ በኢግልስ ሐሳብ ለመደበኛው ውድድርም ተፈቀደ። ኢግልስ ሰዓቱ ከ10 ወደ 15 ደቂቃ ይመለስ ብለው ነበር፤ ባለቤቶቹ ይህን አልተቀበሉም። አንድ ነገር ልብ በሉ። የመጀመሪያው ቡድን ኳስ ይዞ ተከላካዩ ነጥቆት ተችዳውን ቢያስቆጥር፣ ወይም በራሱ መጨረሻ ክልል ውስጥ ተይዞ ሴፍቲ ቢሆን፣ ጨዋታው ወዲያው ያልቃል።

ይህ ሕግ ከቀደሙት እጅግ ይሻላል። የቡፋሎውን ዓይነት ሐዘን አስቀርቷል። ግን ሳንቲሙ አሁንም ስጦታ ይሰጣል። ስጦታው ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2024ን፣ 58ኛውን ሱፐር ቦውል እንይ። ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስና ቺፍስ 19 ለ19 ጨረሱ። እጣው ለፎርቲናይነርስ ወጣ፤ ቀድመው ለመያዝ መረጡ። የቺፍስ 9 ያርድ ላይ ደርሰው በአራተኛው ሙከራ 4 ያርድ ቀራቸው። የፎርቲናይነርስ አሰልጣኝ ካይል ሻናሃን ፊልድ ጎል አስመቱ፤ 22 ለ19። ሌላው ቡድን ምን እንደሚያደርግ አያውቁም፤ 3 ነጥብ ይበቃ ይሆናል ብሎ መገመት ነው።

አሁን ተራው የማሆምስ ነው። እሱ ግን የሚያስፈልገውን ያውቃል። ገና ራሳቸው 34 ያርድ ላይ በአራተኛ ሙከራ 1 ያርድ ጎደላቸው። በሌላ ጊዜ ብዙ አሰልጣኝ እዚያ ቦታ ላይ ኳሱን በፐንት ይሰጣል። የቺፍስ አሰልጣኝ አንዲ ሪድ አልሰጡም፤ መስጠት መሸነፍ ነውና። ማሆምስ ራሱ ሮጦ 8 ያርድ ወሰደ። ሰዓቱ 3 ሰከንድ ሲቀረው ሜኮል ሃርድማን ተቀብሎ አስቆጠረ። 25 ለ22። አንዱ ቡድን የተጫወተው በሦስት ሙከራ ነው፤ ሌላው በአራት።

ታዲያ ሻናሃን ለምን ቀድመው መያዝ መረጡ? ሁለቱም እኩል ካስቆጠሩ ሦስተኛው ተራ የእሳቸው ይሆናል። ከሦስተኛው ተራ ጀምሮ ደግሞ የድሮው ሕግ ተመልሶ ይመጣል፤ ቀድሞ ያስቆጠረ አሸነፈ። ያንን ተራ ለማግኘት ነው። ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም።

ሦስተኛው ተራ አሁን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው እናስላ። ከ2025 ወዲህ ኪክኦፉ መጨረሻ ክልል ውስጥ በአየር ከወረደና ካልተመለሰ ተቀባዩ ከራሱ 35 ያርድ ይጀምራል። ከዚያ 25 ያርድ ብቻ ቢሄድ የባላጋራው 40 ላይ ነው። ከዚያ ቢመታ ምቱ 57 ያርድ ይሆናል፤ መቺው ወደ ኋላ የሚቆምበትና የመጨረሻው ክልል ርቀት ሲደመር ማለት ነው። 57 ያርድ ድሮ ህልም ነበር። የዳላሱ ብራንደን ኦብሪ በ2024 ከ65 ያርድ አስቆጥሯል። ስለዚህ ሦስተኛው ተራ የደረሰው ቡድን 25 ያርድ ከሄደ ለማሸነፍ ተቃርቧል።

አሁን ወደ 10 ደቂቃው። ሰዓቱ ከ15 ወደ 10 የወረደው በ2017 ለተጫዋቾቹ ጤና ተብሎ ነው። ብዙዎች 10 ደቂቃ ያንሳል ይላሉ። ሴፕቴምበር 28 ቀን 2025 ዳላስ ላይ የሆነውን ይጠቅሳሉ። ካውቦይስና ግሪን ቤይ ፓከርስ 37 ለ37 ጨረሱ። ካውቦይስ ቀድመው ይዘው ፊልድ ጎል አስቆጠሩ። ፓከርስ ቀሪውን ሰዓት ሙሉ ተጠቅመው በመጨረሻው ሰከንድ ፊልድ ጎል መለሱ። 40 ለ40፤ አቻ። ስታዲየሙን የሞላው ሕዝብ ምን እንደሚሰማው ሳያውቅ ወጣ።

እኔ ግን ይህን ጨዋታ በሌላ ዓይን አየዋለሁ። ሁለቱም አንዳንድ ተራ አገኙ፤ ሁለቱም እኩል አስቆጠሩ፤ እኩል ወጡ። 15 ደቂቃ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛው ተራ ለካውቦይስ ይደርስ ነበር፤ ያውም ከኦብሪ እግር ጋር። ማለትም አጭሩ ሰዓት አቻ ያበዛል፤ ግን የሳንቲሙን ስጦታ ይቀንሳል። ረጅሙ ሰዓት አቻ ይቀንሳል፤ ስጦታውን ግን ይመልሳል። ስለ 10 እና 15 ስትከራከሩ የምትመርጡት በእነዚህ መሀል ነው።

የ10 ደቂቃው አንድ ቀዳዳ ግን አለ። በመደበኛው ውድድር የመጀመሪያው ቡድን 10 ደቂቃውን በሙሉ በልቶ ቢያስቆጥር ሌላው ተራ ሳያገኝ ያልቃል። ይህ ሊሆን መቻሉ ራሱ ሊስተካከል ይገባዋል፤ ሁለተኛው ተራ ሰዓት ቢያልቅም ይሰጥ ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ነው።

የቴነሲው መንገድ

በ2022 ቴነሲ ታይታንስ አንድ ሐሳብ አቅርበው ነበር። የመጀመሪያው ቡድን ተችዳውን አስቆጥሮ 2 ነጥቡንም ከጨመረ ጨዋታው ይለቅ፤ አለበለዚያ ሌላው ይያዝ። ድፍረት ይሸልማል፤ ያ ደስ ይላል። ግን ቲቦ 80 ያርድ የወረወረውን ቡድን አንድ ሙከራ ጨምር ማለት ብቻ ነው። ሌላው አሁንም ሳይነካ ሊሸነፍ ይችላል። አልፈዋለሁ።

የኮሌጁ መንገድ

ኮሌጆች ከ1996 ጀምሮ የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ኪክኦፍ የለም፤ ሰዓት የለም። እያንዳንዱ ቡድን ከባላጋራው 25 ያርድ ላይ አንዳንድ ተራ ይጫወታል። እኩል ከሆኑ ሌላ ዙር። ዙሩም እኩል ነው፤ ሦስተኛ ተራ የሚባል ጣጣ የለም። በዚህ በኩል ከኤንኤፍኤሉ ይበልጣል። ኳስ ሁለተኛ መያዝ ግን እዚህም ጥቅም አለው፤ እጣ ያሸነፈ ሁሉ ማለት ይቻላል መጀመሪያ መከላከልን ይመርጣል።

ችግሩ ጨዋታው ያው ጨዋታ መሆኑን ያቆማል። ከ25 ያርድ መጀመር ማለት አንድ ያርድ ሳይሄዱ ፊልድ ጎል ክልል ውስጥ መቆም ነው። ፐንት የለም፤ ረጅም ሩጫ የለም፤ ሜዳው ሦስት አራተኛው ባዶ ነው። በ2018 ቴክሳስ ኤይ ኤንድ ኤም ኤልኤስዩን 74 ለ72 ያሸነፈው በሰባት ዙር ነው። ተጫዋቾቹ መቆም አቅቷቸው ነበር። ከዚያ ሕጉ እያጠረ መጣ። ከ2021 ጀምሮ ከሦስተኛው ዙር አንሥቶ ተራው ቀርቶ ከ3 ያርድ ላይ የ2 ነጥብ ሙከራ ብቻ ሆነ፤ አንድ ለአንተ፣ አንድ ለእኔ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 23 ላይ ኢሊኖይና ፔን ስቴት 10 ለ10 ጨርሰው ዘጠኝ ዙር ሄዱ። ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ዙር አንዳቸውም ማስገባት አልቻሉም። በመጨረሻ ኢሊኖይ 20 ለ18 አሸነፈ። የእግር ኳስ መለያ ምትን የምትወዱ ከሆነ ይህ የእናንተ ነው። ለመደበኛው ውድድር ቶሎ ይጨርሳል፤ ሰውም ብዙ አያደክም። ለሱፐር ቦውል ግን በ3 ያርድ ላይ ዋንጫ ሲሰጥ ማየት አልፈልግም።

ሰዓቱ ይጨርሰው

የቅርጫት ኳስ መንገድ ነው። 10 ደቂቃ ይጨመር፤ ማንም ቢያስቆጥር ጨዋታው አይቆም፤ ሰዓቱ ሲያልቅ የመራ ያሸንፍ። ቀላል ነው፤ ለማንም ይገባል። ግን ቅርጫት ኳስ ላይ በ5 ደቂቃ ውስጥ ኳሱ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ፉትቦል ላይ 10 ደቂቃ ሁለት ሦስት ተራ ነው። ሦስት ከሆነ አንዱ ቡድን ሁለት፣ ሌላው አንድ ያገኛል። ያው የተራ ጥያቄ ተመለሰ።

የባልቲሞሩ ሐሳብ፦ አንዱ ቦታ ይወስን፣ ሌላው ይምረጥ

ከላይ የወደቀ ግን የሚበልጥ ያልኩት ይህ ነው። በ2021 ባልቲሞር ሬቨንስ አቀረቡት። አሠራሩ እንዲህ ነው። ኪክኦፍ የለም። አንዱ ቡድን ኳሱ ከየት ያርድ እንደሚጀመር ይወስናል። ሌላው ያንን ቦታ ሰምቶ ማጥቃት ወይም መከላከል ይመርጣል። ከዚያ ቀድሞ ያስቆጠረ ያሸንፋል። ሰዓቱ እስኪያልቅ የሚጫወቱበት ሌላ ቅርጽም አብሮ ቀርቦ ነበር።

ሁለት ልጆች አንድ ዳቦ ሲካፈሉ እናት «አንተ ቁረስ፣ አንተ ምረጥ» ትላለች። ቆራሹ እኩል ለመቁረስ ይጠነቀቃል፤ ትልቁን ሌላው ሊወስድበት ነውና። ይህም ያው ነው።

አስቡት። ቦታ ወሳኙ አሰልጣኝ «ከ30 ያርድ» (ከአጥቂው ከራሱ ጫፍ ተቆጥሮ) ካለ ሌላው ደስ ብሎት ማጥቃትን ይመርጣል፤ ሜዳው ቀርቦለታል። «ከ3 ያርድ» ካለ ደግሞ ሌላው መከላከልን ይመርጣል፤ አጥቂው ከኋላው ግድግዳ አለበት፤ አንድ ስህተት ሴፍቲ ነው። ስለዚህ ወሳኙ በመሀል ያለውን፣ ሁለቱም ወገን እኩል የሆነበትን ቦታ መፈለግ አለበት። 10 ይሁን? 13? 17? ይህ በሁለቱ ቡድኖች ጥንካሬ ይለያያል። ማሆምስን የያዘ ቡድን ፊት 13 ያርድ ብዙ ነው። ጠንካራ ተከላካይ ያለው ቡድን ግን 17 ሲሰጠውም ሊከላከል ይመርጥ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሳንቲሙ ምን ሰጠ? ማን ይወስን፣ ማን ይምረጥ የሚለውን ብቻ። ወሳኙ ቦታውን በደንብ ካወቀ ያ ምንም ማለት አይደለም። ባደላ ቁጥር የሚጎዳው ራሱ ነው። ሦስተኛ ተራ የለ፤ አራት ሙከራ ለአንዱ፣ ሦስት ለሌላው የለ። ፐንትም፣ ፊልድ ጎልም፣ ረጅም ሩጫም አለ። ሜዳው ሙሉ ሜዳ ነው። ቶሎም ያልቃል።

የሚነሳበት ቅሬታ አለ፤ እኔም እንዲሁ አላልፈውም። አንዱ ቡድን አጥቂ ሳያሰልፍ አሁንም ሊሸነፍ ይችላል። እውነት ነው። ግን እዚህ መከላከልን የመረጠው ራሱ ነው፤ ወይም ሌላው ማጥቃትን የመረጠበትን ቦታ የሰጠው ራሱ ነው። ቡፋሎ ያልመረጡት ነገር ደረሰባቸው። በዚህ ሕግ አሰልጣኙ በራሱ ውሳኔ ይጠየቃል። ሁለተኛው ቅሬታ ኪክኦፍ መቅረቱ ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ኪሳራ አይደለም። ሦስተኛው፣ ለተመልካች እንግዳ ነው የሚለው ነው። ለአንድ ጨዋታ እንግዳ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን አሰልጣኙ ቁጥሩን ሲናገር ስታዲየሙ ውስጥ የሚነሳውን ጩኸት አስቡት። ሁሉም ደጋፊ ሶፋው ላይ ሆኖ የራሱን ቁጥር ይይዛል። ሐሳቡ በ2021 አልጸደቀም።

አቻም ውጤት ነው

ከ1974 በፊት በመደበኛው ውድድር ጭማሪ ሰዓት አልነበረም። አቻ አቻ ነበር። ወደዚያ እንመለስ የሚሉ አሉ፤ ሐሳባቸው ከሚገመተው በላይ ጠንካራ ነው። አንደኛ፣ ተጫዋቹ ያርፋል፤ አንዳንዱ ቡድን እሁድ ተጫውቶ ሐሙስ ይጫወታል። ሁለተኛ፣ ጭማሪ ሰዓት ከሌለ በመጨረሻው ደቂቃ ተችዳውን አስቆጥሮ በ1 ነጥብ የተመራ አሰልጣኝ መወሰን አለበት፦ 1 መትቶ አቻ ወይስ 2 ሞክሮ ማሸነፍ? ኖቬምበር 2024 ታምፓ ቤይ ባካኒርስ ካንሳስ ሲቲ ላይ በዝናብ እንዲህ ዓይነት ዕድል ነበራቸው። አቻውን መረጡ። በጭማሪው ሰዓት እጣው ለቺፍስ ወጣ፤ ቺፍስ ሄደው ተችዳውን አስቆጠሩ፤ 30 ለ24፤ ባካኒርስ ኳስ አልያዙም። ከፊታቸው ሳንቲም ባይኖር ምናልባት 2ቱን ይሞክሩ ነበር። በጥሎ ማለፉ ግን ይህ አማራጭ አይሠራም፤ አንዱ ማለፍ አለበት።

እንግዲህ የቱን?

ከሁሉ በላይ ሁለቱም ኳርተርባክ ሲጫወቱ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ አሁን ያለው ሕግ ይበቃችኋል፤ ለመደበኛው ውድድርም 10 ደቂቃውን ጠብቁ። አቻ የሚያንገበግባችሁ ከሆነ የኢግልስ 15 ደቂቃ ወይም የኮሌጁ መንገድ ይሻላችኋል። የተጫዋች ጤና የሚያሳስባችሁ ከሆነ ለመደበኛው ውድድር አቻን ተቀበሉ። ሳንቲሙ ከናካቴው ኃይል እንዳይኖረው የምትፈልጉ ከሆነ ከባልቲሞሩ ሌላ አላየሁም።

እኔ ለመደበኛው ውድድር አሁን ያለውን ሕግ እንዳለ እተወው ነበር፤ ሁለተኛው ተራ ግን ሰዓቱ ቢያልቅም እንዲጨርስ። ለጥሎ ማለፉ ሁለቱን አቀላቅላለሁ። ሁለቱም አንዳንድ ተራ ይያዙ፤ ይህን ሕዝቡ ለምዶታል፤ ማንም አይነካብኝ ይላል። ሁለቱም እኩል ካስቆጠሩ ግን ለሦስተኛው ተራ ኪክኦፍ ይቅር። በመጀመሪያው እጣ የተሸነፈው ቡድን ቦታ ይወስን፤ ሌላው ማጥቃት ወይም መከላከል ይምረጥ። ያኔ 35 ያርድ ላይ በነጻ የሚጀምር አይኖርም፤ ሻናሃንም ሦስተኛውን ተራ ብለው ቀድመው የሚይዙበት ምክንያት አይኖራቸውም።

ለማለፍ ከ32ቱ ክለቦች የ24ቱ ድምፅ ያስፈልጋል። ባልቲሞር በ2021 ያቀረቡት የጭማሪውን ሰዓት በሙሉ የሚለውጥ ነበር። ለጥሎ ማለፍ ብቻ፣ ለሦስተኛው ተራ ብቻ ብለው ቢያቀርቡት የሚነካው በዓመት አንድም ጨዋታ ላይሆን ይችላል፤ ያን ያህል ትንሽ ለውጥ ለመሞከር ደግሞ ባለቤቶቹ ከ2022 የበለጠ ድፍረት አያስፈልጋቸውም።